ሁለት ዲናር፣ አንድ ጭረት

ዛሬ ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ኬላ አንጽፍም፤ ስለ አንድ ስሕተታችን እናጫውታችሁ።

በሞያሌና በናይሮቢ መካከል የምንመላለስ ሦስት ሸሪኮች ነን። የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመርነው ከአያቶቻችን ሣጥን በወጣ ጠገራ ብር ነው። ጠገራ ብር አንድ ነገር አስተምሮን ነበር። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሞተች በኋላ ብሯ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመቷል፤ የተጻፈበት ዓመት ግን ያው 1780 ነው። ጽሑፉ የተሠራበትን ጊዜ አይነግርም ማለት ነው። ትምህርቱን ያስታወስነው ግን ገንዘባችን ከወጣ በኋላ ነው።

አንድ ምሽት ናይሮቢ ውስጥ አንድ የምናውቀው ሰው እንግዳ ይዞ መጣ። እንግዳው ከመሐረብ ውስጥ ትንሽ ብር ፈታ። «ወንድሞቼ፣ ከግብፅ የመጣ ነው፤ የአያቴ ነበር» አለን። የሮማውያን ዲናር ነው፤ በወንጌል ለቄሣር ስለሚከፈለው ግብር ሲነገር የምንሰማው ያው ገንዘብ።

ዲናር ላይ የዓመት ቁጥር የለም። ዘመኑን የሚናገረው የንጉሡ ማዕረግ ነው። በመልኩ ዙሪያ ያሉትን የላቲን ፊደላት በአጉሊ መነጽር አነበብን። ስሙ ትራያን ነው። ቀጥሎ «ዳክ» ይላል፤ ዳኪያን ድል በማድረጉ በ102 መጨረሻ ያገኘው ማዕረግ ነው። ከዚያ «ኮስ» የሚለው ቃልና የአምስት ቁጥር አሉ፤ ለአምስተኛ ጊዜ ቆንስል ሆኗል ማለት ነው። አምስተኛውን በ103፣ ስድስተኛውን በ112 ስለያዘ ዲናሩ ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል።

ሁሉም ንጉሥ እንዲህ አይመችም። ማርቆስ አውሬልዮስ በየዓመቱ የሚታደሰውን የትሪቡንነት ሥልጣኑን በቁጥር ስለሚጽፍ ገንዘቡን ወደ አንድ ዓመት ማጥበብ ይቻላል። ሐድርያን ግን በ119 ሦስተኛ ቆንስልነቱን ከያዘ በኋላ እስከሚሞትበት 138 ድረስ አልጨመረም፤ በዚያ ቃል ብቻ የሄደ ሰው ከ19 ዓመት ያነሰ አያገኝም።

ክብደትም ይናገራል። ኔሮን በ64 ከመቀነሱ በፊት ዲናር 3.9 ግራም ገደማ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ወደ 3.4 ወረደ። የሴፕቲሞስ ሴቬሮስ ዘመን ሲደርስ ከውስጡ ብር የሆነው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የኛው በወርቅ ሚዛን 3.2 መዘነ፤ ብዙ እጅ ለዞረ የትራያን ዲናር ጥሩ ነው አልን።

ሁሉም ገጠመ። ከመካከላችን አንዱ እቁብ ደርሶት ነበር፤ ገንዘቡ ለዕቃ መግዣ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ከላዩ ግማሹን ቆርሰን ከፈልን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ተመልሶ መጣ። «ወንድሙ ተገኘ» ብሎ ሁለተኛ ዲናር አወጣ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ከትራያን ጆሮ ሥር አንድ ጭረት አለ፤ በሁለቱም ላይ። ጠርዙ በግራ በኩል ፊደል ቆርጧል፤ በሁለቱም ላይ፣ በዚያው ቦታ።

ዲናር በመዶሻ አንድ በአንድ የሚመታ ገንዘብ ነው። በአንድ ማኅተም የተመቱ ሁለት ዲናሮች እንኳ የጠርዛቸው ቅርጽ ይለያያል፤ ኋላ በአገልግሎት የሚመጣ ጭረትም በሁለቱ ላይ አንድ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ከአንድ እውነተኛ ዲናር በተወሰደ ቅርጽ ውስጥ ቀልጠው የፈሰሱ ነበሩ። ጠርዙን ደግመን ብናየው ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር በሞረድ ተፍቋል። እኛ በትክክል ያነበብነው የእናቲቱን ዕድሜ ነው። በእጃችን ያለችው ልጅ ግን ምናልባት ከኛ ታንሳለች።

ሰውየውን ገንዘባችንን መልስ ብንለው ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። ከባዱ የመጣው ቀጥሎ ነው። አንዱ ሸሪካችን «ገዢ አለ፤ እኛን ያሳመነ እሱንም ያሳምነዋል» አለ። ገዢው ለልጁ ስጦታ የሚፈልግ የምናውቀው ሰው ነው። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በመጨረሻ ታላቃችን «ነገ በዱቤ ዕቃ የምንወስደው በምን ስማችን ነው?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ኪሳራውን ለሦስት ተካፍለን፣ የባለ እቁቡን ገንዘብ በአምስት ወር መለስንለት። ዲናሯን በወረቀት ጠቅልለን «ቅጂ» ብለን ጽፈንባታል። ለጀማሪ የምናስተምረው በእሷ ነው።

ዲናር ለዚህ አካባቢ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በአንደኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ለአዱሊስ ከሚመጡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ደግሞ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን የወርቅና የብር ገንዘብ መትቷል። አዱሊስ ላይ የነበረ ነጋዴም እንደኛው ሳይመዝንና ሳያገላብጥ የተቀበለ አይመስለንም።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢቀርብላችሁ ከጽሑፉ በፊት ጠርዙን እዩ። ሻጩን «ሌላ አለህ?» በሉት፤ ካለው ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሎሚና በአመድ አትሹት፤ ዋጋው አብሮ ይታጠባል። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር እንደሚያስጠይቅም አትርሱ። የአያት ታሪክ ሲነገራችሁ ደግሞ ሻዩን ጠጡ እንጂ ዋጋ አትጨምሩበት።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።