የአደይ አበባዋ ማኅተም የት ገባች?

አምና ለእንቁጣጣሽ ልጄ ለአያቷ ካርድ ልትሠራ ስትል የአደይ አበባዋን የጎማ ማኅተም አጣናት። ካርዱ ሳይላክ በዓሉ አለፈ። እናቴ በስልክ «ረሳችሁኝ አይደል?» ስትለኝ አፈርኩ።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ዘረገፍነው። አበባዋ ከመርፌና ክር ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘች!

እናንተም ሞክሩት። ማኅተሞቹን በየበዓሉ ለዩ። እንጨት ያላቸውን ጎማውን ወደ ታች አድርጋችሁ በዝርግ ሳጥን ደርድሩ፤ እንጨት የሌላቸውን ስሶቹን በአሮጌ የሲዲ ማቀፊያ ውስጥ ለጥፉ። ቀለሙን ጠርጋችሁ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡ፤ ጎማ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ከዚያ እያንዳንዱን ደብተር ላይ አትማችሁ የሳጥኑን ቁጥር ጻፉበት። ይቺን ሥራ ለልጆች ተዉላቸው፤ ይወዷታል።

የኛ ካርድ በነሐሴ መጀመሪያ ፖስታ ቤት ገብቷል። የናንተስ?