ጂኑ ሳይጎድል

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ። የግመል ወተት ሻጮቹ ጀሪካናቸውን ደርድረዋል። አንዱ ገዢ ጠጥቶ ደህና ይውላል፤ የሌላው ሆድ ይነፋል። የወተቱን ስኳር የሚፈጨውን ላክቴዝ የሚያሠራው ጂን ግን ሁለቱም ዘንድ አለ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጂኑ 14,000 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ርቃ፣ ኤምሲኤም-6 በሚባለው ጎረቤት ጂን ውስጥ ባለች አጭር ቦታ ነው። ዲኤንኤን የሚይዙ ፕሮቲኖች እዚያ ያርፋሉ። ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዝ መመረቱ እንዲቀጥል ወይም እንዲቀንስ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

*

ሰሜን አውሮፓውያንን ወተት ያስለመዳቸው በአብዛኛው አንድ የፊደል ለውጥ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በዚያችው ቦታ በርካታ ለውጦች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ይህን አሳይቷል። የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን ከማንም በፊት ሊማሩት የሚገባ ታሪክ ነው።

*

ጂን እያለ የማይነበብበት ሌላም ምክንያት አለ። የአንድ የሰው ሴል ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። አስኳል ውስጥ የሚገባው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው። ጠበቅ ብሎ የታሸገው ክፍል በአብዛኛው ሳይነበብ ይቀራል፤ ቆዳና አንጀት አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩትም በከፊል ለዚህ ነው።

*

ለተመሳሳይ ምሳሌ ወደ ወባ ልምጣ። ቫይቫክስ የተባለው ተሐዋሲ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ ዋና በሩ ደፊ የሚባል ፕሮቲን ነው። ከዓሣ እስከ ግመል ቀይ ደምን የሚያሠራው ጋታ-1 የተባለ ፕሮቲን ከደፊ ጂን አጠገብ ካላረፈ ያ በር አይሠራም። ብዙ አፍሪካውያን ማረፊያው ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣባቸዋለች፤ ቲ የነበረችው ሲ ሆናለች። የሚያስደንቀኝ ለውጡ ቀይ ሴሉን ብቻ መምረጡ ነው። የደም ሥሮቻቸውን ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ደፊን ያለ ጋታ-1 ስለሚሠሩ እዚያ ምንም አልጎደለም።

*

«አፍሪካዊ ቫይቫክስ አይዘውም» የሚል ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ በሽተኛ ይጎዳል። ቀይ ሴላቸው ላይ ደፊ ያላቸው ሰዎች እዚህ ብዙ ናቸው። ደፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኝቷል።

*

እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 205 ነበር። በ2022 የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ከ2,400 አለፈ። አስተላላፊዋ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ትንኝ ናት፤ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። ወረርሽኙ ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ተሐዋሲ ያመጣው ነበር፤ ፋልሲፓረም ደግሞ ደፊን አይፈልግም። ስለዚህ በርሜሉን መክደን የሚጠቅመው ደፊ ላለውም ለሌለውም እኩል ነው።