ፒዲኤፉን ከነዎርዱ ላኩልን

ሰቆጣ ውስጥ ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው ልማዱን ያውቀዋል። ባለጉዳዩ ወንበር ስቦ ከጸሐፊዋ ጎን ይቀመጣል። እሷ ስትተይብ እሱ ስም ስሙን፣ ቀበሌ ቀበሌውን ይከታተላል። «የኔ እህት፣ ፃግብጂ በፀሐዩ ፀ ነው» ይላል፤ ታርማለች፣ ታትማለች፣ ወረቀቱ ማኅተም ሊመታበት ወደ ቢሮ ይሄዳል። ዎርዱ ግን ኮምፒውተሯ ላይ ይቀራል። በማግስቱ ስሕተት ቢገኝ ከዋናው ታርሞ እንደገና ይታተማል።

እኛ አሜሪካ ያለነው የዋግ ልጆች የምንሠራው በሌላ መንገድ ነው። በቴሌግራም የሚደርሰን ፒዲኤፉ ብቻ ስለሆነ፣ የእርዳታ ጥሪ ላይ «ዋግ ህምራ» ተብሎ የተጻፈውን «ዋግ ኽምራ» ለማድረግ እዚያው ፒዲኤፉ ላይ እንነካካለን። በዚህ ነገር የሰቆጣዋ ጸሐፊ ከእኛ ትበልጣለች።

ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ፎንት ይዞ አይወጣም፤ ጽሑፉ ውስጥ የገቡትን ፊደላት ብቻ መርጦ ይይዛል። በአማርኛ ደብዳቤ ውስጥ «ኽ» ብርቅ ናት፤ ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ላትኖር ትችላለች። ማረሚያ ፕሮግራሙ ያን ጊዜ ወይ ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል፣ ወይ ከሌላ ፎንት አምጥቶ ከጎረቤቶቿ የማትመስል «ኽ» ይተክላል። የገዛ አካባቢያችን ስም ላይ!

የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው። ፒዲኤፍ ፊደላቱን የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ በቅርጻቸው ቁጥር ነው፤ የትኛው ቅርጽ የትኛው የዩኒኮድ ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥም አብሮ ይቀመጣል። ታርሞ እንደገና «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ሲደረግ ይህ ሠንጠረዥ ሊጠፋ ይችላል። ገጹ እንዳማረ ነው፤ «ሰቆጣ» ብለው ሲፈልጉ ግን አይገኝም፣ ኮፒ ሲያደርጉት የማይነበብ ምልክት ይወጣል፣ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራምም ሊያነበው አይችልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ግዕዙን በላቲን ፊደላት ቦታ ስላስቀመጡት፣ በእነሱ የተጻፉ ሰነዶችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው።

አገር ቤት ወረቀትና ማኅተም ከበቃ ይህ ማንንም አያስቸግርም። እዚህ ግን ፋይሉ ይፈለጋል፣ ይቀዳል፣ በማሽን ይተረጎማል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የአካባቢያችን ቋንቋ ኽምጣና ነው። አማርኛ አንድ ሰነድ ቢጎድልበት ሌላ ብዙ አለው። በኮምፒውተር የተጻፈ ኽምጣና ግን ጥቂት ነው፤ ፊደሉ የማይወጣ አንድ የተረት ስብስብ ወይም የትምህርት ጽሑፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፒዲኤፉን ከነዎርዱ ላኩልን፤ እኛም እርማቱን ዎርዱ ላይ እንሥራ። ፎንቱ እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወይም ኖቶ ያለ የዩኒኮድ ፎንት ይሁን። ሲወጣ «ፕሪንት» ሳይሆን «ሴቭ አዝ» ተብሎ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ፒዲኤፍ ኤ የሚለው ይመረጥ፤ ይህ ለመዝገብ ቤት የወጣው ደረጃ ፎንቶቹ ፋይሉ ውስጥ እንዲካተቱ ያስገድዳል። ከመላካችሁ በፊት «ኽ» ያለበትን አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። እንዳለ ከወጣ ላኩት፤ ከተበላሸ ወደ ዎርዱ ተመለሱ።