አንዴ የሚጠይቅ አገር፣ ሦስቴ የሚለመን አበሻ

ካናዳዊ የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ነው። «ቡና ትፈልጋለህ?» ይላል። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ከተባለ ለራሱ ቀድቶ ወሬውን ይቀጥላል። አዲስ የመጣው አበሻ ግን «አይ» ያለው ሊለመን ነው። አገር ቤት የመጀመሪያው «አይ» ጨዋነት ነው፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። እጅ የሚዘረጋው «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ከተባለ በኋላ ነው። እዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ስለማይመጣ ቡናው ያመልጠዋል። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲገናኝም ስለ ፈረንጅ ቆንቋናነት ያወራል።

ከኢስት ዮርክ በስተደቡብ በሚያልፈው የዳንፎርዝ ጎዳና፣ በግሪንዉድ አካባቢ ባሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ይህ ጨዋታ ሲነሣ ሁሉም ይስቃል፤ የየራሱ ታሪክ የሌለው የለምና። በበረዶ ቀን የሕፃን ጋሪ ይዛ ደረጃ ሥር የቆመች እናት ጎረቤቷ «ላግዝሽ?» ሲላት «ግድ የለም» ትላለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይሄዳል። እሷ ጨካኝ ሰው መሰላት፤ እሱ ደግሞ ቃሏን ያከበረ መሰለው።

ተቃራኒውም አለ። አበሻ ቤት እራት የተጋበዘ ፈረንጅ የቀረበለትን መጨረስ አክብሮት መስሎት ፊቱ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይበላል። የቤቱ እመቤት ፊቱ ባዶ ሆኖ ስታየው «አልጠገበም» ብላ ትጨምርለታለች። «በቃኝ» ቢል የሚያምነው የለም። ጉርሻ ይከተላል። ቡናውም ቢሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ምስኪኑ እንግዳ ሆዱን ይዞ ይወጣል፤ ባለቤቶቹ ግን እንደ ሽንብራ ቆጥሮ በላ ብለው ያዝናሉ።

እንግዲህ ከሁለቱ ንፉግ ማንም የለም። ፈረንጁ ደጋግሞ መጠየቅን ሰውን እንደ ማስጨነቅ ይቆጥረዋል። የኦንታሪዮ ትምህርት ቤቶችም በጤና ትምህርት ውስጥ ስለ ፈቃድ ያስተምራሉ፤ ልጁ «አይ» ማለት «አይ» መሆኑን ተምሮ ያድጋል። አበሻው በበኩሉ መጀመሪያ እምቢ የሚለው ለጋባዡ አዝኖለት ነው፤ ምናልባት ጓዳው ባዶ ይሆናል፣ ምናልባትም ግብዣው ለአፍ ያህል ነው። ሦስት ጊዜ ሲለመን ከልብ መሆኑን ያውቃል። ይህም የአበሻ ብቻ አይደለም። ኢራናውያን «ታሮፍ» የሚሉት ተመሳሳይ የግብዣና የእምቢታ ሥርዓት አላቸው፤ ጃፓኖችም «ኤንርዮ» ብለው የሚጠሩት ራስን የመቆጠብ ልማድ አላቸው።

ነገሩ ከቡና ሲያልፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የፋብሪካው አለቃ «ቅዳሜ ተጨማሪ ሰዓት የሚፈልግ?» ብሎ ሲጠይቅ አበሻው «ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ» እያለ በልቡ ይጠብቃል። ሌላው እጁን ያወጣና ሥራውን ይወስዳል። በኦንታሪዮ ሕግ ለአብዛኛው ሠራተኛ በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ ለተሠራው የሚከፈለው አንድ ተኩል እጥፍ ነውና ይሉኝታው የኪስ ጉዳት ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሐኪም ቤት ነው። ነርሷ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሌሊቱን ሲቃትቱ ያደሩት አባት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «አስተርጓሚ ይፈልጋሉ?» ሲባሉም ሰው ላለማስቸገር «አያስፈልግም» ይላሉ። ሁለቱም ቃላቸው እንዳለ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኦንታሪዮ የሕክምና ፈቃድ ሕግ ሐኪሙ አስረድቶ የበሽተኛውን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል፤ አእምሮው የተስተካከለ ሰው አልፈልግም ካለ መብቱ ነው። እዚያ ቤት «አፈር ስሆን» ብሎ የሚለምን የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው እዚህ አገር እጥፍ ይሠራል።

ልማዱ የተለያየው ከውጭ ሰው ጋር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አሁን ግን እዚያው ቤት ውስጥ ገብቷል። ለጥየቃ ከአገር ቤት የመጡ አያት ወላጆቹ ሥራ በዋሉበት ቀን ከልጅ ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። ልጁ ፍሪጁን ከፍቶ በጨዋ አማርኛ «እማማ፣ ምሳ ይበላሉ?» ይላቸዋል። «አይ ልጄ፣ አንተ ብላ» ይላሉ። ልጁም እሺ ብሎ ይበላል። እናቱ ማታ ስትመለስ አያት ከጠዋቱ ሻይ በቀር እህል እንዳልቀመሱ ታውቃለች። ልጁን ልትቆጣ ትነሣለች፤ ግን በምን ትቆጣው? ጠይቋል፤ የተባለውንም አምኗል። አያትም አልዋሹም፤ አስተዳደጋቸው ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ማወቅ ነው የሚያዋጣው። ከቤት ውጭ፣ በተለይ ሐኪምና አለቃ ፊት፣ የሚያመውን ያመኛል፣ የሚፈለገውን እፈልጋለሁ ማለት በመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ላይመጣ ይችላል። ልጆች ደግሞ ለጓደኞቻቸው «አይ» ማለት «አይ» እንደሆነ ሁሉ፣ የአያት «አይ» ሌላ መሆኑን ሊነገራቸው ይገባል። አያት አልበላም ካሉ እንጀራው ይቀርባል፣ ወጡ ይወጣል፣ ልጁም እጁን ታጥቦ አጠገባቸው ይቀመጣል። ያን ጊዜ ይበላሉ።