የዝነኞች ገድልና የኸሽም ኤል ቂርባ ጠያቂዎች

በየቴሌቪዥኑ መስኮት ባማረ ወንበር ተቀምጦ፣ ዘፋኙን ወይም ተዋናዩን «እስቲ ስለ ልጅነትህ አጫውተን» የሚለው አዘጋጅ የዘር ሐረጉን ከወዴት እንደሚመዝ ቢጠየቅ፣ ከአሜሪካ ነው ይል ይሆናል፤ በእርግጥም ሶፋው፣ በጎን የተሰለፈው የሙዚቃ ጓድ፣ የታዳሚው ጭብጨባም ሳይቀር፣ ስቲቭ አለን በ1954 እ.ኤ.አ. በኤንቢሲ ከጀመረው፣ ጆኒ ካርሰንም ከ1962 እስከ 1992 ከመራው «ቱናይት ሾው» የተወረሰ ነው። እኔ ግን ወንበሩ እንጂ ተቀማጩ ከባሕር ማዶ የመጣ አይመስለኝም።

የቅዱሳን ገድል ሲነበብ በዐውደ ምሕረት ቆሞ የሰማ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ አስቀድሞ ደጋግ ወላጆች፣ ቀጥሎ በሕፃንነት የታየ ምልክት፣ ከዚያ ፈተናና ስደት፣ በፍጻሜውም ቃል ኪዳን። የዝነኛው ቃለ ምልልስም ከዚህ ጎዳና ዝንፍ አይልም፤ እናቱ ድኻ የሚሰበሰብባት ሩኅሩኅ ሴት ነበረች፤ እርሱ በአራት ዓመቱ ጣሳ እየመታ ይዘፍን ነበር፤ አባቱ «አርፈህ ተማር» እያለ ገረፈው፤ አዲስ አበባ ገብቶ በረንዳ አደረ፤ ዛሬ ግን፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ አዲሱ አልበሙ ሊወጣ ነው። በዚህ ገድል ቃል ኪዳኑ አልበሙ ነው። አዘጋጁም ቢሆን በቀድሞው ቤተ መንግሥት ደጅ ጠኚውን ከጌታው ፊት የሚያቀርበውን ባልደረባ ይመስላል፤ ባልደረባ ደግሞ ስለ ባለጉዳዩ መልካም መልካሙን ይናገራል እንጂ ነውሩን አይመረምርም።

ነገር ግን አባቶቻችን መጠየቅን አያውቁም ነበር እንዳይባል በላ ልበልሃ ምስክር ነው። ከዛፍ ሥር በተሰየመው ችሎት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ ነገርን በነገር እየወጉ ሲሟገቱ መንገደኛው ሁሉ ጉዳዩን ትቶ ይቆም ነበር። ይህ ሁሉ ጥበብ ማይክሮፎን ሲመጣ ወዴት ገባ?

ያገኘሁት ምሥራቅ ሱዳን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ሥራውን በጀመረበት በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ ሱዳኖች በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተነሡት ኑባውያን በአዲስ ሐልፋ ያርሱ ዘንድ የአትባራን ወንዝ ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ገድበው ጨረሱ፤ ተከዜ ከተራሮቻችን ጠርጎ የወሰደው ደለል ግን ሐይቁን ከዓመት ወደ ዓመት ይሞላው ጀመር፤ እንግዲህ ወደዚያ አገር በመሰደድ አፈራችን ቀድሞናል ማለት ነው። እኛ በ1970ዎቹ ተከተልነው።

በዚያም ማታ ማታ፣ ቀን በፀሐይ አስጥተን ነፍስ የዘራንባቸውን የባትሪ ድንጋዮች ከሬዲዮው ከተን፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን ዶቼ ቬለን፣ ኋላም በ1982 የተጨመረውን የአሜሪካ ድምፅን እንከብ ነበር። አንድ ሙያተኛ ከዋሽንግተን «የአገሬ ናፍቆት አላስቀምጥ አለኝ» ብሎ ሲያለቅስ አዘጋጁ በትሕትና ዝም ይላል፤ ከእኛ መካከል ግን ቀድሞ በአውራጃ ፍርድ ቤት ነገረ ፈጅ የነበሩ ሽማግሌ ከገመድ አልጋቸው ተነሥተው «ተጠየቅ!» ይሉታል ሬዲዮውን፤ «ናፍቆቱ ካላስቀመጠህ ቤት ለምን ገዛህ?» «ጋሼ፣ አይሰማዎትም እኮ» ብንላቸው፣ «ዳኛው እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ከሰማችሁ ይበቃል» ይሉ ነበር። እኔ ከእርሳቸው የተሻለ ጠያቂ በየትኛውም ጣቢያ ሰምቼ አላውቅም።

የሚገርመው ደግሞ እኛ ራሳችን ለቃለ መጠይቅ መቅረባችን ነው፤ አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ካወጣች ወዲህ ለሦስተኛ አገር የሚመረጥ ሰው መርማሪ ፊት ይቀርባል፤ በየት በኩል ተሻገርክ፣ ወንዙ ምን ይባላል፣ ታላቅህ ማን ነው ይባላል፤ ያው ጥያቄ ዞሮ ይመጣና መልሱ ከፊተኛው ጋር ይመዛዘናል። ለስሙ ገናና ገድል፣ ስም ለሌለው በላ ልበልሃ ደረሰው።

ሁሉንም አዘጋጅ በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም። ቢቢሲ በ1959 እ.ኤ.አ. በጀመረው «ፌስ ቱ ፌስ» ጆን ፍሪማን ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ፣ መስኮቱን ለእንግዳው ፊት ለቅቆ ይጠይቅ ነበር፤ የዛሬው አዘጋጅ ይህን ራስን መሰወር እንደ ምናኔ ይቆጥረዋል። በእኛም ዘንድ መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የአንድን ሰው ታሪክ ከሳምንት ወደ ሳምንት እያሸጋገረች ስታስተርክ፣ ተናጋሪው ያዘጋጀው ገድል ያልቅበትና ያላሰበውን እውነት ሲያወጣ ሰምቻለሁ፤ ትዕግሥትም ለካ መስቀለኛ ጥያቄ ኖሯል። ጋሼ ግን ይህን ቢሰሙ፣ ችሎቱ ረዘመ ብለው ማጉረምረማቸው አይቀርም።

ስለዚህ እናንተ የዘመኑ አዘጋጆች፣ ሶፋውን አትንኩት፤ እንግዳውንም አክብሩት፤ ብቻ በ«እንኳን ደህና መጣህ»ና በ«እናመሰግናለን» መካከል ለአንዲት «ለምን?» ቦታ ስጡልን።