እንጉዳይና የጭቃ ግድግዳ

ክረምት ሲገባ በጉቶ ሥር እንጉዳይ በአንድ ሌሊት ብቅ ይላል። ልጆች የጅብ ጥላ ብለው በእግራቸው ይመቱታል። (ከእንጉዳይ የሚበላ አለ፤ የሚገድልም አለና ልጅ የማያውቀውን አይቅመስ።) የሚታየው ግን ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካሉ ከጥጥ ፈትል የቀጠነ ክር ሆኖ በመሬት ውስጥ ተዘርግቷል። ይህም ክር የወደቀውን ቅጠልና ጭድ አበስብሶ ወደ አፈር ይመልሰዋል። አንዳንዱም ከዛፍ ሥር ጋራ ተጣብቆ ውኃ ያቀብለዋል፤ ዛፉም በፈንታው ስኳር ይሰጠዋል።

በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ በሚባለው ሰፈር ዞማ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜና ወይዘሮ መስከረም አሰግድ መሥርተውት በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው እንደ አባቶች ሥራ ከጭቃና ከጭድ ነው። ጭቃ ከጭድ ጋራ ተረግጦ ብዙ ቀን ሲቈይ፣ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ጭዱን ያላሉታል፤ ያን ጊዜ እንደ ሊጥ ቦክቶ ይያያዛል።

የጭቃ ቤት የድኻ ቤት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ስሚንቶ በበዛበት ከተማ መምረግ የሚያውቅ እጅ እያነሰ ሄደ። በዞማ ግን ንድፍ የሚያወጣውና ጭቃ የሚመርገው በአንድነት ሠሩ። በግድግዳውም ላይ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ መስመር ወጣ። እንግዳ ሲመጣ መስመሩን አይቶ ያደንቃል፤ ጭቃውን የረገጠው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ዝናም ይሸረሽረዋል፤ ክረምት ባለፈ ቍጥር ጭቃ የሚያቦካ ሰው ይፈልጋል።