የጀርመኖቹ ደጅ

አሜሪካ ገብቼ መጀመሪያ የተሳለምኩት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ጀርመኖች የሠሩት ነው። ይህን ስናገር ወዳጆቼ ይስቁብኛል። ኦክላንድ ውስጥ የራሳችን መድኃኔ ዓለም እያለልህ የጀርመን ደጅ ምን ሊያደርግልህ ሄድክ ይሉኛል። እኔ ግን የሄድኩት ፈልጌ ሳይሆን መንገዴ ላይ ስለነበረ ነው።

ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ ሰሞን ማደሪያዬ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና አጠገብ ነበር። ሥራው ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይነት። ጎህ ሲቀድ ከሥራ ወጥቼ ሲቪክ ሴንተር ጣቢያ ባቡር ለመያዝ ቴንደርሎይን የሚሉትን ሰፈር አቋርጣለሁ። ሥራውን ያስገቡኝ የአገር ቤት ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «እዚያ ሰፈር ስታልፍ ስልክህን ኪስህ ክተት፤ ዓይንህን ከፊትህ አትንቀል» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስልኩን ከተትኩ። ዓይኔ ግን ጎልደን ጌት ጎዳና ላይ፣ በርካሽ ሆቴሎች መካከል ብቅ ያለውን ግንብ ባየ ቁጥር ይነቀላል። ሰው ሁሉ በሩቅ በሚሸሸው ሰፈር እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ማን ሠራ?

አንድ ጠዋት በሩን ተሳልሜ ገባሁ። እግሬን ካስገባሁ በኋላ ጫማዬን የማወልቅበት ቦታ ስፈልግ፣ ረጃጅሞቹ አግዳሚ ወንበሮች ሥር ጫማ ተደርድሮ አየሁ። ደስ አለኝ። እነሱም ያወልቃሉ ማለት ነው ብዬ ጎንበስ ስል፣ አግዳሚው ላይ የተኛ ሰው አየሁ። ከእሱ ቀጥሎም ሌላ። በየአግዳሚው ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ተኝቷል፤ ማንኮራፋቱ ከክብ ቅስቶቹ ሥር ያስተጋባል። ከፊት፣ መሠዊያው አጠገብ፣ ጥቂት አሮጊቶች ጸሎት ያደርሳሉ። አንዱም ወገን በሌላው የተረበሸ አይመስልም። በሩ አጠገብ የቆሙት አስተናጋጅ ሴት ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ሲያዩኝ ልተኛ የመጣሁ መስሏቸው ብርድ ልብስ አቀበሉኝ። ያን ቀን ብርድ ነበርና አልመለስኩትም።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጉቢዮ የሚባል ሥራ ነበር። ስሙን ያገኘው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተኩላ አለመደባት ከምትባለው የጣሊያን ከተማ ነው። ሌሊቱን በጎዳና ሲንከራተቱ ያደሩ ሰዎች በሥራ ቀናት ጠዋት ይገቡና፣ ከአዳራሹ ከሦስት እጅ ሁለቱ ለእንቅልፍ፣ የፊተኛው አንድ እጅ ለጸሎት ይሆን ነበር። እኔ ያደግሁት ነዳያን ከቅጥሩ በር ግራና ቀኝ በሚሰለፉበት አገር ነው። ምጽዋቱን ሰጥተን እናልፋለን፤ ወደ ውስጥ የምንገባው እኛ ነን። እዚህ ውስጡን የያዙት እነሱ ነበሩ።

ለእናቴ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ።

«ታቦቱ የማን ነው?» አለችኝ፣ ሁልጊዜም የምታስቀድመው ጥያቄ ነው።

«የቅዱስ ቦኒፌስ።»

«ደግሞ እሱ ማነው?»

ያነበብኩትን ነገርኳት። እንግሊዝ ተወልዶ በስምንተኛው መቶ ዓመት ለጀርመኖች ወንጌል ያደረሰ መነኩሴ ነው፤ ሕዝቡ የሚያመልከውን ታላቅ የባሉጥ ዛፍ በመጥረቢያ ጥሎ፣ በእንጨቱ ጸሎት ቤት ሠራበት፤ በ754 በሰማዕትነት ሞተ። እናቴ ዛፉ ላይ ስደርስ አላስጨረሰችኝም። «እንደ ተክልዬ ነዋ!» አለች። ገድሉን በቃሏ ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲህ ቦኒፌስን እንደ ሩቅ ዘመድ «እንዴት ነው ያ ጻድቅ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ታሪኩን ያነበብኩት ከዚያው ጥቂት እልፍ ብሎ በሚገኘው የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ የሚቀመጥበት ክፍል። ወርቅ ፍለጋው ከመላው ዓለም ሰው ባጎረፈባት ከተማ፣ ጀርመናውያን ካቶሊኮች በቋንቋቸው የሚናዘዙበትና የሚሰበኩበት አጥቢያ በ1860 አቋቋሙ። በ1887 ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ተረከቡት። ከእነዚህ ወንድሞች ብዙዎቹን ወደ አሜሪካ የገፋቸው ቢስማርክ በፕሩሲያ ገዳማትን የዘጋበት ሕግ ነው፤ ስደተኛን የሚያገለግሉ ስደተኞች ነበሩ።

ሕንፃውን የነደፈው ወንድም አድሪያን ቬቨር ይባላል። በ1836 ቬስትፋሊያ ውስጥ ተወልዶ፣ አናጢነት ተምሮ፣ መንኩሶ አሜሪካ ከገባ በኋላ ከኢሊኖይ እስከ ካሊፎርኒያ ቤተ ክርስቲያን ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ክህነት አልነበረውም፤ አገልግሎቱ ግንበኝነት ነበር። ቦኒፌስ በ1902 ተጠናቀቀ። አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ ወር ላይ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ መሬት ተናወጠ። ተከትሎ የተነሣው እሳት በከተማዋ 28,000 ያህል ሕንፃ በላ፤ የቦኒፌስንም ውስጡን አንድዶ ግድግዳውን ተወው። ምእመናኑ ግን ሰፈሩን ትተው አልሄዱም፤ በ1908 ደግመው አቆሙት። ቬቨር ሥራው ሲነድም ዳግመኛ ሲቆምም ለማየት በቅቶ፣ በ1914 እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ አረፈ።

ያን ካነበብኩ በኋላ ቤቱን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ። ሮማነስክ የሚባለው አሠራር ነው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ክብ ቅስት፣ ከመሠዊያው በላይ በሥዕል ያጌጠ ጉልላት። እኛ ቤት ክብ ሲሆን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ አንዱ ሌላውን ከቦ ይሠራል፤ ምእመኑ ዙሪያውን ይቆማል። ይኸኛው ረጅም አዳራሽ ነው፤ ከበሩ እስከ መሠዊያው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል። ሆኖም ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልሆነብኝም። ልጅ ሆኜ እናቴ እየጎተተች የወሰደችኝ የአዲስ አበባው በዓታ ለማርያም፣ ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ለዳግማዊ ምኒልክ ማረፊያ ያሠሩት፣ የነደፈው ጀርመናዊ ነበር። የጀርመን እጅ ያረፈበት ቅስት ሥር መቆም ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያኔ አላወቅኩም እንጂ።

ኦክላንድና ሳን ሆዜ ስዞር ደግሞ ቦኒፌስ ብቻውን እንዳልሆነ አየሁ። ከቤቴ ብዙም የማይርቀው የፍሩትቬል ቅድስት ኤልሳቤጥ በ1892 የተመሠረተው ለጀርመናውያን ነው፤ ዛሬ ቅዳሴው በስፓንኛ ይደምቃል። ሳን ሆዜ ውስጥ ፖርቱጋሎች አምስቱ ቁስሎች የሚሉትን ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ፣ በ1915ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አገራቸው ካቆመችው አዳራሽ የፈረሰ እንጨት ተጠቅመዋል። እያንዳንዱ ሕዝብ ሲመጣ ቤቱን በራሱ ቋንቋ ሠርቷል። ልጆቹ እንግሊዝኛ ለመዱ፣ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ፣ ደጁን ቀጥሎ የመጣው ተሳለመው። እኔ በደረስኩበት ዘመን ቦኒፌስ ውስጥ ቬትናምኛና ስፓንኛ ይሰማ ነበር፤ ጀርመንኛ ሲነገር አንድም ቀን አልሰማሁም።

አንድ ቀን ስለዚህ ሁሉ ለጋሼ ሳወራ ዝም ብለው ሰሙኝና «እዚያው ጎን ያለውን ምግብ ቤት አይተኸዋል?» አሉኝ። ቅዱስ አንቶኒ የሚባለውን ማለታቸው ነበር። አባ አልፍሬድ ቤዴከር የተባሉ የቦኒፌስ ካህን በ1950፣ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል ቀን የከፈቱት ነው፤ ማንም ሳይጠየቅ ገብቶ ምሳውን ይበላል።

«በሱዳን በኩል የመጣሁ ጊዜ» አሉ ጋሼ፣ «ሥራ እስካገኝ ምሳዬ እዚያ ነበር። ማን እንደሆንኩም፣ ከየት እንደመጣሁም የጠየቀኝ የለም።»

ስልክህን ክተት ያሉኝ ሰው ናቸው። ሰፈሩን ያን ያህል የሚያውቁት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከዓመታት በኋላ ሳን ሆዜ ውስጥ አሮጌ ሕንፃ ገዝተን ቤተ ክርስቲያን እናድርገው ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ጉልላቱ ይቅደም ይላል፣ ሌላው የመኪና ማቆሚያው። ወጣቶቹ፣ የእኛ ልጆች አማርኛውን እየተዉት ነው፣ ነገ ማን ሊገለገልበት ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የምናወጣው ይላሉ። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «የእኛ ልጆች ባይመጡ ሌላ እንግዳ ይመጣል» አሉ። «እኔን ጀርመኖች አብልተውኛል፤ ጀርመንኛ አላውቅም። መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ሥሩት።» ከዚያም የቼክ ደብተራቸውን አወጡ።